በደሴ ጥላማ ግቢ ዥንጉርጉር ሆስታ፦ ተክሉም ሻጩም ሲመዘኑ

ግቢያቸው በግንብ አጥር፣ በጎረቤት ፎቅ ወይም በትልልቅ ዛፎች በመጋረዱ ጽጌረዳም ሆነ ጌራኒየም እሺ ያላላቸው የደሴ ነዋሪዎች ጥቂት አይደሉም። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተዘረጋች በመሆኗ ለተራራው በቀረቡት ሰፈሮች ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ትሰወራለች፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ ወርዶ ግቢውን እንዳለበሰው የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ሁነኛ ተክል ነው ተብሎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የችግኝ መሸጫ የሚሸጠው ሆስታ ነው፤ በተለይም ቅጠሉ አረንጓዴና ነጭ ወይም አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ የተዥጎረጎረው ዓይነት። ተክሉን ከዚሁ መሸጫ ገዝቼ በክረምትም በበጋም ጠባዩን ስላየሁት፣ ለመግዛት ለሚያስቡ ሰዎች ይጠቅማል የምለውን እጽፋለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ተክሉ አያያዙን ለሚያውቅ የደሴ ሰው ገንዘብ ቢወጣበት የማያስቆጭ ነው፤ ለኮምቦልቻ ግን አልመክረውም፤ ሻጩም በችግኝ አያያዝ የሚመሰገን፣ ለገዢ በሚሰጠው መረጃ ግን የሚወቀስ ነው። የዚህ ሁሉ ምክንያት በዋነኛነት አንድ ነው። ሆስታ ጥላ ወዳድ ብቻ ሳይሆን ብርድ ፈላጊም ነው፤ በዓመት ውስጥ ቅጠሉን ጥሎ የሚተኛበት ቀዝቃዛ ጊዜ ካላገኘ ከዓመት ወደ ዓመት እየኮሰሰ ይሄዳል። ስለ ጥላው ሻጩ ደጋግሞ ይናገራል፤ ስለ ብርዱ ግን ሳይጠየቅ የሚያነሣው ነገር የለም፤ ሲጠየቅም «እትዬ፣ ይኼ ከፀሐይ ካራቁት ሌላ ጣጣ የለውም» ብሎ ያልፈዋል።

የሆስታ ዝርያዎች የጃፓን፣ የኮሪያ፣ የቻይናና የሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ተወላጆች ናቸው። ወደ አውሮፓ በብዛት የገቡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ጃፓን ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ሐኪም ፊሊፕ ፍራንዝ ፎን ዚቦልድ በተለይ ስሙ ይነሣል። በትውልድ አገራቸው የሚያድጉት በዛፍ ሥር፣ በወንዝ ዳርና እርጥበት በማይጠፋው ገደል ላይ ነው፤ አብዛኞቹም የለመዱት ለወራት የሚዘልቅ ጽኑ ብርድ ነው። የተክሉ ግንድ ከመሬት በታች ስለሚጋደም ከላይ የሚታየው ቅጠሉና በወቅቱ የሚያወጣው የአበባ ዘንግ ብቻ ነው። ብርድ ሲመጣ ቅጠሉ ጠውልጎ ይረግፋል፤ ከሥሩ አናት ላይ የተቀመጠው ጉንቁል ግን ሙቀት እስኪመለስ ድረስ ተኝቶ ይቆያል። በነገራችን ላይ በጃፓን የአንዳንዶቹ ዝርያዎች ለጋ ጉንቁል ዑሩይ እየተባለ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል፤ በውድ ዋጋ የተገዛን ተክል ለወጥ የሚያቀርብ ሰው በደሴ ይገኛል ብዬ ግን አላስብም።

መሸጫው ባለ ዥንጉርጉር ቅጠሎቹን በሁለት መልክ ያቀርባል። አንደኛው መሃሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጠርዙ ሰፊ ነጭ ነው፤ ይህም ፓትሪየት ከሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የሆስታ አብቃዮች ማኅበር የዓመቱ ሆስታ ተብሎ ከተመረጠው ዓይነት ጋር በመልክ ይገጥማል። ሁለተኛው መሃሉ ወርቃማ ቢጫ፣ ጠርዙ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያው ማኅበር የተመረጠውን ጁን የተባለ ዓይነት ይመስላል። ይመስላል የምለው በችግኙ ላይ የስም መለያ ስላልተለጠፈ ነው፤ ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እመለሳለሁ።

የቅጠሉ ውበት ከቅርብ ሲታይ ከፎቶግራፉ ይበልጣል። ጉንቁሉ አፈሩን ሰንጥቆ ሲወጣ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎና ተጠቅልሎ ነው፤ በዚያን ጊዜ ነጩ ጠርዝ ገና ክሬም መልክ ያለው ቀጭን መስመር ብቻ ይሆናል። ጥቅልሉ ሲፈታ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ይይዛል፤ ጅማቶቹም ከአገዳው ተነሥተው፣ ወደ ጎን እየለጠጡ፣ ጫፉ ላይ እንደገና ይገናኛሉ፤ በጅማትና በጅማት መካከል ያለው ገጽ ከፍ ስለሚል የቅጠሉ ፊት የታረሰ ማሳ መልክ ይይዛል። አረንጓዴውና ነጩ በሚዋሰኑበት ቦታ ደግሞ ከሁለቱም ያልሆነ ግራጫ አረንጓዴ ጭረት ወደ ውስጥ ገባ ወጣ ይላል፤ ይህ ጭረት ከቅጠል ቅጠል ይለያያል። ዝናብ ካባራ በኋላ ውሃው በቅጠሉ ላይ ሳይሰርግ ተንከባሎ በጎድጎዳው ጅማት በኩል ይወርዳል። ለአበባው ሲል ይህን ተክል የሚገዛ ሰው ግን ያዝናል፤ ደወል መሳይ ሐምራዊ አበባው ደስ ይላል እንጂ ዕድሜው አጭር ነው፤ ደርቆ የቀረውን ዘንግም ቶሎ ካልቆረጡት የግቢውን መልክ ያበላሻል።

አሁን ወደ ብርዱ ልመለስ፤ የግዢው ትርፍና ኪሳራ የሚወሰነው በዚሁ ነውና። ሆስታ የሚያባዙ ሰዎች በተለምዶ የሚጠቅሱት መጠን፣ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ 600 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜ ነው። ቀንና ሌሊት ቢቀዘቅዝ ይህ ከ25 ቀን አይበልጥም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ብትገኝም የምትገኘው በሐሩር ክልል ውስጥ ስለሆነ ብርዷ የሌሊት ብርድ ነው። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ እስከመጣል ይደርሳል፤ ይሁን እንጂ ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትጠነክር አፈሩ መልሶ ይሞቃል። ተክሉ በሌሊት ለመተኛት ያኮበኮበውን ያህል በቀን ይነቃል ማለት ነው። በዚህ ላይ በዚህ ኬክሮስ የቀን ርዝመት ከወቅት ወቅት ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ በሰሜኑ ዓለም ቀኑ ሲያጥር ተክሉ የሚያገኘው የመተኛ ምልክት እዚህ በጣም ደካማ ነው።

ብዙ ሰው የሚታለልበትም እዚህ ላይ ነው። ብርድ ካለበት አገር ተነቅሎ የመጣ ሥር ጉንቁሉንና ስንቁን ይዞ ስለሚመጣ፣ የመጀመሪያውን ዓመት የትም ቢተከል አምሮ ይታያል። ገዢው በዚያ ውበት ተደስቶ ለጎረቤቱ ይመክራል፤ ሻጩም ደንበኛው ረክቷል ብሎ ይመዘግባል። ችግሩ የሚታየው በሚቀጥሉት ዓመታት ነው። ጉንቁሎቹ በአንድ ጊዜ አይወጡም፤ የወጡትም ጥቂትና ቀጫጭን ይሆናሉ፤ ቅጠሉ ያንሳል፤ ነጩ ጠርዝም ይጠብባል። በእኔ ግቢ ያለምንም ልዩ አያያዝ በመሬት ላይ የተተዉት ሥሮች ከበጋ በኋላ ሲመለሱ በግልጽ ተመናምነው ነበር፤ እንዲተኙ የተደረጉት ግን ሙሉ ሆነው ወጥተዋል። ስለዚህ አንድ ክረምት ብቻ አይተው ተክሉን የሚያወድሱ አስተያየቶችን በጥንቃቄ ማንበብ ይበጃል።

እንዲተኛ የማድረጊያው ዘዴ አስቸጋሪ አይደለም። ተክሉን ከመሬት ይልቅ በሸክላ ወይም በፕላስቲክ መትከያ መያዝ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ጥቅምት ሲያልቅ ውሃውን ቀስ በቀስ መቀነስና ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እንዲወድቅ መተው፣ ከዚያም መትከያውን ከጣሪያ ውጭ፣ ሌሊቱን ብርድ በሚያገኘው፣ ቀኑን ግን ፀሐይ በማይነካው የግቢ ጥግ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ በተዳፋት ላይ በተሠራው የደሴ ግቢ ውስጥ የታችኛው አጥር ሥር ከበረንዳው ይልቅ ይቀዘቅዛል። አፈሩ ፈጽሞ እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ጥቂት ውሃ ማጠጣት ይገባል፤ ሥሩ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ከዚህ የተሻለ እርግጠኛ መንገድ የሚፈልግ ሰው ፍሪጅ ይጠቀማል፦ ቅጠሉ የረገፈውን ሥር ከአፈሩ አራግፎ፣ በትንሹ በራሰ ሰጋቱራ ጠቅልሎ፣ በተበሳሳ ፌስታል አድርጎ፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ በሚቀዘቅዘው ክፍል ውስጥ 6 ሳምንት ያህል ማቆየት ነው። ወደ ማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ማስገባት አይገባም፤ የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ጋዝ ጉንቁሉን ሊጎዳ ስለሚችልም ከሙዝና ከፖም ማራቅ ይመረጣል። መብራት ለጥቂት ሰዓታት ቢጠፋ የፍሪጁ በር እስካልተከፈተ ድረስ ጉዳት የለውም። በታኅሣሥ መጀመሪያ የገባ ሥር በጥር አጋማሽ ሲወጣ በልጉ እየቀረበ ስለሚሆን፣ የወሎ የዝናብ አቆጣጠር ለዚህ ተክል የተሰፋ ያህል ይመቻል፤ በልጉን ጠጥቶ ይነሣል፣ በክረምቱ ይሰፋል፣ በበጋው ይተኛል።

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ሲደርሱባት ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለዋል፤ ይህም በአየር ሙቀት ረገድ 4 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ያመጣል። የሌሊቱ ብርድ በደሴ ግማሽ የሚሆነውን ሥራ ቢሠራ በኮምቦልቻ ከዚያም ያነሰ ይሠራል፤ ስለዚህ እዚያ ያለ ፍሪጅ ሆስታን ከዓመት ዓመት ማዝለቅ ይከብዳል። መሸጫው ከደንበኞቹ ብዙዎቹ የኮምቦልቻ ሰዎች መሆናቸውን እያወቀ ይህን አለመናገሩ ከቅሬታዎቼ ሁሉ የሚብሰው ነው።

ስለ ጥላው ደግሞ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚጻፈው ምክር ሆስታን ከቤቱ በስተሰሜን ትከሉ ይላል፤ ሻጩም ይህንኑ ይደግማል። ምክሩ ለጸሐፊዎቹ አገር ትክክል ነው፤ የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በስተደቡብ ስለምታልፍ የሰሜኑ ግድግዳ ዓመቱን ሙሉ የቀትር ጥላ አለው። ደሴ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በዚያን ጊዜ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ያለ ተክል ቀትር ላይ ፊት ለፊት ይመታል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ስለሚጋርድ ጉዳቱ አይታይም፤ በልጉ አልቆ ክረምቱ እስኪገባ ባለው ደረቅ የግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ ግን ነጩ ጠርዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ተለበለበ ወረቀት ቡናማ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ከቆላው ይልቅ ትፋጃለች፤ ነጩ የቅጠል ክፍል ደግሞ ክሎሮፊል ስለሌለው ወይም በጣም ጥቂት ስለሆነ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው እሱ ነው።

ለደሴ ግቢ የሚሻለው የቤቱ ምሥራቃዊ ገጽ ነው። እስከ ረፋዱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ያለው ለስላሳ ፀሐይ ቀለሙን ያደምቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የቤቱ ጥላ ይረከበዋል፤ ማታም ጦሳ ይጨምርበታል። ሙሉ ጨለማ ውስጥ ማስቀመጥም አይበጅም፤ ሆስታ ጥላን ይችላል እንጂ ያለ ብርሃን አይኖርም፤ መሃሉ ቢጫ የሆነው በተለይ ብርሃን ሲያንሰው ወርቃማነቱን ትቶ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ከባሕር ዛፍ ሥር መትከል ከንቱ ልፋት ነው፤ ዛፉ ውሃውን ቀድሞ ይጠጣዋል። በኮክ ዛፍ ሥር ያለው ቦታ ግን ይስማማዋል። ጣሪያ የሌለው ቦታ ላይ የተከለ ሰው የደሴን በረዶ ማሰብ አለበት፤ በረዶ የበሳው ቅጠል አይጠገንም፤ ተክሉም በየሳምንቱ አዲስ ቅጠል ስለማያወጣ ጠባሳው እስከ ወቅቱ መጨረሻ ይታያል። መትከያው ላይ ያለ ተክል ደመናው ሲጠቁር ወደ በረንዳ ሊገባ ይችላል፤ ይህ ራሱ መትከያን የምመርጥበት ሌላ ምክንያት ነው።

አፈሩን በሚመለከት ብዙ አልልም። ችግኝ ጣቢያዎች የሚያዘወትሩት 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽና 1 እጅ አሸዋ ለሆስታም ይሆናል፤ ዋልካ አፈር ብቻውን ውሃ አቁሮ ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ ያልበሰለ ፍግም ያቃጥለዋል። በእድገት ወቅት በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያህል ውሃ ይበቃዋል፤ ክረምት ላይ ሰማዩ ስለሚሰጠው የሰው ሥራ ማጠንፈፍ ብቻ ነው።

የክረምት ጠላቱ ቀንድ አውጣ ነው፤ በተለይም ዛጎል የሌለው ዓይነት። ሌሊት እየወጣ ቅጠሉን በጅማቶቹ መካከል ክብ ክብ አድርጎ ይበሳዋል፤ ጠዋት የሚታየው የደረቀ አተላ መሳይ አንጸባራቂ መስመሩ ብቻ ነው። ሻጩ አመድ ይመክራል፤ አመድ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይከላከላል፤ በሐምሌ ዝናብ ግን አንድ ሌሊት አይቆይም። የሚሻለው ማታ በባትሪ እየፈለጉ መልቀም ነው። የእርሾ ሽታ ስለሚስበው፣ የጠላ አተላ በዝርግ ሳህን አድርጎ ከአፈሩ ጋር እኩል መቅበርም ይሠራል፤ ጠላ በማይጠመቅበት ቤት እርሾና ጥቂት ስኳር በውሃ መበጥበጥ ያንኑ ጥቅም ይሰጣል። ቅጠለ ወፍራም የሆነው ባለ ቢጫ መሃል ዓይነት ከባለ ነጭ ጠርዙ ይልቅ ይህን ተባይ ይቋቋማል። በግ ያለው ቤት ሌላ አጥር ያስፈልገዋል። ተክሉ ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ውሻና ድመት ቢበሉት እንደሚያስመልሳቸውም ማወቅ ይገባል።

የስም መለያ አለመኖር ቀላል ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ባለ ዥንጉርጉር ሆስታ ላይ ከፍተኛ መዘዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ የታወቀ ሆስታ ቫይረስ ኤክስ የሚባል በሽታ አለ፤ ይህ ቫይረስ ቅጠሉን በራሱ መንገድ ያዥጎረጉረዋል፤ ስሙ ያልታወቀ ተክል ዥንጉርጉርነቱ የዓይነቱ ይሁን የበሽታው ለመለየት ያስቸግራል። እንዲያውም ምንነቱ በቅጡ ከመታወቁ በፊት አንዳንድ የታመሙ ተክሎች አዲስ ውብ ዓይነት ተብለው ስም ወጥቶላቸው ተሽጠዋል። ጤነኛው ዥንጉርጉርነት ወሰኑ የጠራ ነው፤ ነጩና አረንጓዴው በጠርዝና በመሃል ተለይተው ይቀመጣሉ። በቫይረሱ የሚመጣው ግን ጅማቶቹን ተከትሎ በውሃ እንደ ተነካ ቀለም ይሰራጫል፤ የተነካውም ገጽ ያብጣል ወይም ይጨማደዳል። መድኃኒት የለውም፤ ተክሉን ነቅሎ ማስወገድ ብቻ ነው መፍትሔው፤ በዚያው አፈር ላይም ሌላ ሆስታ መተካት አይገባም። የሚተላለፈው በተክሉ ጭማቂ አማካይነት፣ በተለይም ሥሩ ሲከፈል በቢላ ስለሆነ፣ ከተክል ወደ ተክል ከመሻገር በፊት ቢላውን በሳሙና አጥቦ በበረኪና መንከር ልማድ ሊሆን ይገባል። በመሸጫው ውስጥ ሠራተኛው በአንድ ቢላ ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው ሳያጥብ ሲሻገር በዓይኔ አይቻለሁ። የገዛኋቸው ተክሎች ላይ የበሽታው ምልክት አልታየም፤ አሠራሩ ግን መታረም አለበት።

ሌላው ሻጩ የማያነሣው ጉዳይ ዥንጉርጉርነቱ ዘላቂ አለመሆኑ ነው። ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይለውጥም ይባላል፤ ሆስታ ግን ይለውጣል። አዲስ ቅጠል የሚፈጠርበት የማደጊያ ነጥብ በንብርብር የተሠራ ሲሆን፣ ዥንጉርጉር በሆነ ተክል ላይ አንዱ ንብርብር አረንጓዴውን ክሎሮፊል ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም፤ ጠርዙና መሃሉ የሚለያዩት በዚህ ነው። ከንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ከዚያው ሥር ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነ ጉንቁል ይወጣል። አረንጓዴው ምግቡን በሙሉ ቅጠሉ ስለሚያበስል ከዥንጉርጉሩ ይልቅ በፍጥነት ያድጋል፤ ዝም ከተባለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወንድሙን ውጦ ግቢውን ተራ አረንጓዴ ያደርገዋል። እንደታየ ከነሥሩ ቆርጦ ማውጣት ነው። ሙሉ ነጭ ሆኖ የሚወጣው ደግሞ ራሱን መመገብ ስለማይችል ብዙ አይቆይም። በዚህ ረገድ ጠርዙ ነጭ የሆነው ዓይነት መሃሉ ነጭ ከሆነው ይልቅ ብርቱ ነው፤ ሰፊው የቅጠሉ ክፍል አረንጓዴ ስለሆነ ምግብ አያንሰውም። መሃሉ ነጭ የሆነውን ለጀማሪ አልመክርም።

ስለ መሸጫው አገልግሎት ፍትሐዊ ልሁን። ችግኞቹ ከመረብ ጥላ ሥር ንጹሕ ሆነው ተደርድረዋል፤ ውሃ የጎደለው ወይም አረም የወረሰው መትከያ አላየሁም። ከመግዛቴ በፊት ሥሩን ማየት እንደምፈልግ ስናገር ሠራተኛው ሳይከፋው ከፕላስቲኩ አውጥቶ አሳይቶኛል፤ ሥሩ ነጭና ጠንካራ፣ ጉንቁሉም ከአንድ በላይ ነበር። ቅጠሉ እንዳይሰበር በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በካርቶን አድርገው ባጃጁ ላይ ያደላድላሉ። የአንዱ ችግኝ ዋጋ ከአንድ ኪሎ ቡና ስለሚበልጥ ርካሽ አይባልም፤ ሆኖም ሻጩ ከአዲስ አበባ እንደሚያስመጣቸው ስለሚናገርና የመጓጓዣው ወጪ ስላለ፣ ሥሩ በደህና ከተያዘ ዋጋው የሚያስቆጭ አይደለም። አንድ ሥር ሙሉ መልኩን ለመያዝ 5 ዓመት ያህል ስለሚፈልግ፣ በመሸጫው ያለው ትንሽ ቅጠል የኋላውን ስፋት አያሳይም፤ ትልቁን ለመግዛት ተጨማሪ ገንዘብ ከማውጣት ትንሹንና ባለ ብዙ ጉንቁሉን መምረጥ ያዋጣል።

የኮምቦልቻ ሰው፣ ወይም በደሴም ቢሆን ፍሪጅና ትዕግሥት የሌለው ሰው፣ ጥላ ግቢውን በዥንጉርጉር ቅጠል ማስዋብ ከፈለገ ከዚያው መሸጫ በርካሽ የሚገኘውን ነጭ መስመር ያለውን ክሎሮፊተም ወይም ባለ ብዙ ቀለሙን ኮሊየስ ቢወስድ ይሻለዋል። ክሎሮፊተም የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ እንቅልፍ አይጠይቅም፤ ልጆቹንም በዘንጉ ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚሰጥ ለጎረቤት ይተርፋል። በሆስታ ልቡ ለጸና የኮምቦልቻ ገዢ ደግሞ የሚቀርበው የደቡብ ቻይናው ፕላንታጂኒያ ዘር ያለበት ዓይነት ነው። ይህ ዝርያ ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀት ይችላል፤ የሚፈልገውም ብርድ ያነሰ ነው፤ ነጭ አበባውም ማታ ማታ ያውዳል። ከእሱ ከተገኙት መካከል ሶ ስዊትና ፍራግራንት ቡኬ የተባሉት ጠርዛቸው ክሬም መልክ ያለው ዥንጉርጉሮች ናቸው፤ እንደ ቅደም ተከተላቸው እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1998 የዓመቱ ሆስታ ተብለው ተመርጠዋል። መሸጫው በአሁኑ ጊዜ እነዚህን አልያዘም፤ ቀብድ ለሚከፍል ደንበኛ ግን ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ ይላል። ቀብድ የሚከፍል ሰው የተክሉ ስምና የጠርዙ ቀለም በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ፣ ሥሩም ከጥር አጋማሽ በፊት እንዲደርስ አስቀድሞ ይስማማ፤ ሻጩ ይህን ሲጠየቅ ይጽፋል፣ ካልተጠየቀ ግን የሚሰጠው ደረሰኝ «አበባ» ከማለት አያልፍም።